የአባቴ ሁለት ዕድሜ

አባቴ በየገበያው ቀን ጠዋት ራሱን ይላጫል። ለንጽሕና ሲል ይመስለኝ ነበር። ምላጩን መጀመሪያ ለኔ የሰጠኝ ዕለት ነው ከማጅራቱ በላይ ያለው ፀጉር ነጭ መሆኑን ያየሁት።

አባቴ በሰቆጣ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነው። በጽጽቃ የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱን ጨርሶ ሲቀጠር፣ ወጣት ይፈለጋል ስለተባለ ዕድሜውን ስምንት ዓመት ቀንሶ አስመዘገበ። በእኛ አገር የልደት ወረቀት የለምና ማንም አልጠየቀውም። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የኢንሹራንስ ወኪል ከኮረም በጭነት መኪና መጣ። በጽሕፈት ቤቱ አለቃ ቤት አርፎ ለሠራተኞቹ የሕይወት ኢንሹራንስ ሸጠ፤ አባቴ ቢሞት ለእናቴና ለእኛ ገንዘብ ይከፈላል። ወኪሉ ዕድሜውን ከመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ገለበጠ፣ አባቴም ፈረመ። የውሉን ጀርባ ያነበበው ወኪሉ ከሄደ በኋላ ነው፤ ዐውቆ ሐሰት የተናገረ ሰው ውሉ ይፈርስበታል ይላል።

ከዚያ ወዲህ መውጫ አጣ። እውነቱን ለኩባንያው እንዳይጽፍ፣ የፖስታውን ከረጢት የሚከፍቱት አለቃው ናቸው። ዕድሜው ከታወቀ ጡረታ ያስወጡታል፤ ሦስቱ ታናናሾቼ ደግሞ ገና ተማሪዎች ናቸው። ዝም ካለ እሱ ሲሞት እናቴ ባዶ እጇን ትቀራለች።

ከቤታችን ውጭ ምስጢሩን የሚያውቁት አብረውት ፊደል የቆጠሩት ቄስ ብቻ ናቸው። ጺማቸው እንደ ባዘቶ ነጭ ነው። ገበያ ላይ ከሩቅ ሲያዩት በኽምጣኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ።

«እኩያዬ! ዛሬም ተላጭተህ መጣህ? ፀጉርህ ምን በደለህ?»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ባንድ ክረምት አይደል የተወለድነው?»

አባቴ ይስቃል። ዓይኑ ግን አለቃውን ይፈልጋል።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ መማር ጀመርኩ። አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍት የንግድ ሕጉን ሳገላብጥ፣ ስለ ሕይወት ኢንሹራንስ የሚናገረውን ክፍል አገኘሁ። ዕድሜን በመናገር ረገድ የተፈጸመ ስሕተት ውሉን እንደማያፈርስ፣ የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ በእውነተኛው ዕድሜ ልክ እንደሚስተካከል ይናገራል። በንጹሕ ወረቀት አሳምሬ ገለበጥኩት። በፖስታ መላክ አይሆንምና እስከ ገና ዕረፍት በደብተሬ ውስጥ ያዝኩት።

ሰቆጣ እንደደረስኩ ለአባቴ አነበብኩለት።

«ድገመው» አለኝ። ደገምኩት።

«ስሕተት ነው የሚለው?»

«አዎን፣ አባባ።»

«የኔስ ስሕተት ነው ወይ?»

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርኩ። ዐውቆ ስለዋሸ ሰው የሚናገር ሌላ አንቀጽም አንብቤ ነበር፤ ደስ እንዲለው ስለፈለግሁ እሱን ሳልገለብጠው ቀረሁ። አባቴ ፊቴን አየና «ሌላም አለ አይደል?» አለኝ። ነገርኩት።

ቢሆንም አንድ መላ አቀረብኩ። ቄሱ አባቴ የተወለደበትን ዓመት በፊርማቸው ይጻፉ፤ ወረቀቱ ታሽጎ እሳቸው ዘንድ ይቀመጥ፤ ሲሞት እናቴ ለኩባንያው ታቅርበው። ያን ጊዜ ጡረታ የሚያስወጣው የለም፤ እስከዚያ ግን ቄሱ ምስጢሩን ይጠብቁ። ተያይዘን ሄድን።

ቄሱ ሁሉን ሰምተው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲህ እኩያዬ የምልህ ስትሞት ነው በለኛ! ይሁን።» አሉ። ከዚያ ብዕራቸውን አንሥተው ዓመቱን ጻፉ።

«ዕድሜውን በትክክል አያውቅም ነበር ብለህ ጨምርበት» አለ አባቴ።

ቄሱ ብዕሩን አስቀመጡ። «የተወለድክበትን ጽፌያለሁ። አያውቅም ብዬ ግን አልጽፍም። በሁለት ወር እበልጥሃለሁ እያልክ ስንት ዓመት ውኃ አስቀዳኸኝ!»

እኔ ልስቅ ነበር። አባቴ አልሳቀም። ቄሱ ወረቀቱን አሽገው በጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ከተቱት። ኩባንያው ስሕተት ይበለው ውሸት፣ የሚታወቀው ያ ወረቀት የተከፈተ ቀን ነው። መምህሬን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ለመጠየቅ ግን የአባቴን ምስጢር መናገር ሊኖርብኝ ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አባቴ ከአለቃው ጋር ቆሞ ሳለ ቄሱ ከሩቅ አዩት። ቃላቸውን ጠብቀው እኩያዬ አላሉትም።

«አንተ ልጅ!» ብለው ተጣሩ።

አለቃው ሳቁ። አባቴ ጠዋት የላጨሁለትን ማጅራት በእጁ ዳበሰና «አቤት፣ አባቴ» አለ።