እታለም ያለ መርፌ የመጣች ቀን

ታላቅ እህቴን ልጆች «መርፌዋ» ይሏታል። ፊት ለፊት አይደለም፤ ማን ደፍሮ። እኔ እታለም ነው የምላት። ነርስ ናት፤ በየዓመቱ ትምህርት ቤቶችን እየዞረች ልጆች ስትከትብ ነው ፀጉሯ የሸበተው። እናቶች መንገድ ላይ ሲያይዋት «ዝም ትላለህ ወይስ ልጥራት?» እያሉ ልጅ ያስፈራሩባታል። እሷ ደግሞ ልጅ ስታይ አንጀቷ አይችልም። ከረሜላ ትዘረጋለች፤ እነሱ በአንድ እጃቸው ከረሜላውን እየተቀበሉ ሌላውን ክንዳቸውን ከጀርባቸው ይደብቃሉ።

«አንድ ልጅ ብቻ፣» ትለኝ ነበር፣ «በገዛ እግሩ ወደ እኔ ሲመጣ ልይ፤ ከዚያ ጡረታ ብወጣ አይቆጨኝም።»

ለዚህ ብላ መጽሐፍ ጻፈች። ስለ አንዲት ኤሊ ነው። ኤሊዋ ባስነጠሰች ቁጥር ከቅርፊቷ ተስፈንጥራ ትወጣና መለመላዋን ቅርፊቷን ፍለጋ ትንከራተታለች። መጀመሪያ ስታነብልኝ ሻዩ በአፍንጫዬ ነው የወጣው። መጽሐፉ ታተመ፤ ሠፈራችን ካለው ትምህርት ቤትም «መጥተው ለልጆቹ ያንብቡላቸው» የሚል ጥሪ ደረሳት።

በቀጠሮው ጠዋት ነጭ ነገር በዞረበት አልዞር አለች። አበባ በአበባ የሆነ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ ፊቴ ቆመች።

«አሁንስ ነርስ እመስላለሁ?»

«መጋረጃ ነው የምትመስይው።»

«ተመስገን። መጋረጃ ልጅ አያስፈራም።»

ልንወጣ ስንል ዝናቡ ወረደ። መጽሐፎቹን የያዘው ካርቶን ደግሞ ገና በሩ ላይ ሳለን ተልፈሰፈሰ። እታለም ምን ቸገራት፤ ውኃ የማያስገባ ዕቃ አላት። መጽሐፎቹን እዚያ ገለበጠቻቸውና አሸከመችኝ። ሰማያዊው የክትባት ሣጥን መሆኑን ሁለታችንም ልብ አላልንም። ከእጇ አጥቼው ስለማላውቅ ዓይኔ ለምዶታል፤ ለእሷም ከእጅ ቦርሳዋ አይለይም።

ክፍል ስንገባ ዝንብ ስታልፍ ይሰማል። ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርገው ይዘው ተቀምጠዋል።

«ሥርዓታቸውን አየህ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

እኔ ከኋላ አንዲት ትንሽ ወንበር ላይ እንደምንም ታጥፌ ተቀመጥኩ። እታለም አነበበች። ማንበብ ብቻ አይደለም፤ እንደ ኤሊዋ እያስነጠሰች ቀሚሷን አርገፈገፈች። አንድም ልጅ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ስትጨርስ ክፍሉ በአንድ አፍ «ይደገም!» አለ።

ልቧ ቅቤ ጠጣ። ደገመች። አሁንም «ይደገም!» አሉ። ሦስተኛው ላይ አጠገቤ ያለው ጥርሰ ወላቃ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ተረቱ ሲያልቅ ነው የሚወጉን?»

ያኔ እታለም አጠገብ የተቀመጠውን የክትባት ሣጥን አየሁት። እንዴት ብዬ ልንገራት? በዓይኔ ብጠቅሳት ጭራሽ የወደድኩላት መስሏት ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

ከፊት የተቀመጠች፣ ፀጉሯን ሁለት ቁጥርጥር የተሠራች ልጅ እጇን አወጣች። ለእታለም የደራሲነት የመጀመሪያ ጥያቄዋ ነው፤ ለደስታዋ ፊቷ አልበቃም።

«ጠይቂ፣ የኔ ቆንጆ።»

«ሲስተር፣ ዛሬ በግራ ነው በቀኝ?»

እታለም ልጅቷን አየቻት። ቀጥላ የተጣመሩትን እጆች፣ ቀጥላ ሣጥኑን። ኩምሽሽ አለች። ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ ዘቀዘቀችው፤ ኤሊ ብቻ ተዘረገፈ።

«ዛሬ መርፌ የለም» አለች።

በዚያው የዕረፍት ደወል ተደወለ። ክፍሉ ግድብ እንደጣሰ ውኃ በበሩ ተንዶ ወጣ። ወንበር ብቻ ቀረን።

«ሦስት ጊዜ፣» አለች መጽሐፎቿን እየለቀመች። «ያን ሁሉ ያስደገሙኝ መርፌ ለማዘግየት ኖሯል።»

እኔም መልቀም ያዝኩ።

ቀና ስንል ባለ ቁጥርጥሯ በሩ ላይ ቆማለች። የሹራቧን እጅጌ እስከ ትከሻዋ ጠቅልላ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ክንዷን ዘርግታ ወደ እህቴ መጣች።

«ይውጉኝና ኤሊዋን ይድገሙልኝ።»

«የለም አልኳችሁ እኮ፣ የኔ እናት።»

አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ሲመጣ ይወጉኛል። አሁን ኤሊዋን።»

እታለም እጅጌዋን ቀስ ብላ አወረደችላትና አጠገቧ አስቀመጠቻት። በመጀመሪያው ማስነጠስ ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች፤ በሁለተኛው እሷም አብራ አስነጠሰች። ሦስተኛው ላይ ጥርሰ ወላቃው በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አለ። ደወሉ እንደገና ሲደወል መስኮቱ በጭንቅላት ተሞልቶ ነበር።

ስንመለስ ዝናቡ አባርቷል። ሣጥኑን ራሷ ነው የተሸከመችው።

«እንግዲህ አየሽ፣» አልኳት፣ «በገዛ እግሯ መጣችልሽ። ጡረታሽን መቼ ነው የምትወጪው?»

«አብደሃል?» አለችኝ። «ልጅቷን ማን ሊከትባት?»