በሰፌድ ላይ የተፈታችው ሞተር

አባቴ ሞተር የሚፈታው በሰፌድ ላይ ነበር። ሌላው መካኒክ ብሎኑን ቆርቆሮ ውስጥ እየወረወረ ኋላ ሲያተራምስ ይውላል። አባቴ ግን የእናቴን ሰፌድ አጠገቡ ዘርግቶ፣ የፈታውን ሁሉ ከጠርዙ ጀምሮ በተራ ዙሪያውን ይደረድራል። ሲገጥም ከመጨረሻው ተነስቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። «ሰፌዱን አትንኩብኝ እንጂ ዓይኔን ጨፍኜ እገጥማታለሁ» ይላል። እናቴ በሕይወት ሳለች ሰፌዴ ግሪስ ሸተተ እያለች ስትነጫነጭ፣ እሱ አዲስ እገዛልሻለሁ እያለ ዓመታት አለፉ።

ሞተሯ ባለ ሦስት እግር ናት፤ ፊቷ እንደ ሞተር ሳይክል ባለ እጀታ፣ ኋላዋ የዕቃ ሣጥን። ከፒያሳ ኬክ ቤቶች ኬክና ዳቦ እየጫነች እስከ ስድስት ኪሎ ታደርሳለች። በደርግ ጊዜ መለዋወጫ የሚገኘው በመከራ ስለነበር፣ ባለቤቷ ራሱ ካልጠገናት ቆማ መቅረቷ ነው። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ሳላገኝ ሁለት ዓመት ቤት ስቀመጥ፣ አባቴ አጠገብ ሆኜ መንዳቱንም መፍታቱንም እያየሁ ለመድኩት።

በዚያ ሁዳዴ የአባቴ ወገብ እምቢ አለ። ጎንበስ ማለት አቃተው። ሞተሯም ውስጧ በጥቀርሻ ታፍኖ ዳገት ላይ ማቃሰት ጀመረች። አንድ ሐሙስ ቀን ምሳ እየበላን፣ «የመርካቶ ሰው እሁድ መጥቶ ያያታል። ልሸጣት ነው» አለኝ።

ደሜ ፈላ። በዚህ የሱ ልጅ ነኝ፤ ለመቆጣት ጊዜ አንወስድም።

«እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«እኔ እጠግናታለሁ፤ እኔ እነዳታለሁ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?»

ሳቀ። የሱ ሳቅ ከስድብ ይብሳል። «መንዳትማ ማንም ይነዳል። የሞተር ባለቤት ማለት ፈቶ የገጠመ ነው» አለና ውሉን አስቀመጠ፦ ቅዳሜ ብቻዬን ፈትቼ፣ ጥቀርሻዋን ጠርጌ፣ መልሼ እገጥማታለሁ። ከዚያም እሱን ኋላ ጭኜ፣ ከሰፈራችን በታች ካለው ድልድይ እስከ ምኒልክ አደባባይ ዳገቱን ካወጣሁ የመርካቶው ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

«አንዲት ፍሬ ከተረፈች ግን ሸጥኳት» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌ ስብሰባ ነበር። የቀረ ሰው የስኳር ራሽኑ ላይ ነገር ስለሚመጣበት አባቴ ከዘራውን ይዞ ወጣ። እኔ ግቢው መሃል ሰፌዱን ዘረጋሁ። ካንዴላውን፣ ካርቡራቶሩን፣ የጭስ ማውጫውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን እየፈታሁ በተራ ደረደርኩ። የፒስተኑ አናት ላይ ጥቀርሻው እንደ ድስት ቂጥ ተጋግሯል። እየፋቅሁ አፏጫለሁ። ሴት ልጅ አታፏጭም የሚለኝ ስብሰባ ሄዶልኛል። ከዚያ ዕቃዎቹን የማጥብበት ላምባ ሲያልቅብኝ ልገዛ ወጣሁ፤ ሰልፉ ከአንድ ሰዓት በላይ አቆመኝ።

ስመለስ ሰፌዱ የለም።

እኛ ግቢ ሰፌድ የማንም አይደለም። ወንፊት፣ ሙቀጫ፣ ሰፌድ የፈለገ ገብቶ ይወስዳል፤ ማስፈቀድ እንደ ባዳ መሆን ነው። እናቴ ካረፈች ጀምሮ እንደ ልጃቸው የሚያዩኝ የወሎዋ ጎረቤታችን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው በሰፌዱ ምስር ይለቅማሉ። የኔ ብሎኖችስ? ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ፣ በአመድና በሳሙና ታጥበው፣ ተደባልቀው ያበራሉ።

«ቆሽሸው ባይ አሳዘኑኝ፤ አጠብኩልሽ» አሉኝ ፈገግ ብለው።

መጮህ ፈለግሁ። ግን ያ ምስር የኛ ነው። እሳቸው እስላም፣ እኛ ክርስቲያን፤ ሥጋ አብረን አንበላም። ጾም ሲሆን ግን ማዕዳችን አንድ ስለሚሆን፣ ሁዳዴ በገባ ቁጥር እሁድ እሁድ ምስር ወጥ ሠርተው ይልኩልናል። እንዲህ ያለ ሰው ላይ በምን አፍ ይጮኻል? «እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አልኩና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

«ምን ሆንሽብኝ፣ የኔ ዓለም?»

ነገርኳቸው። በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ወዲያው ግን ሻሻቸውን አጥብቀው ተነሱ። «አብሽሪ! የፈታ እጅ መግጠም አያቅተውም። ይልቅ ነይ!»

ተራው ሲጠፋ ማሰብ ግድ ሆነብኝ። ይህቺ ብሎን ረጅም ናት፤ ጥልቅ ቀዳዳ ያለው የቱ ጋ ነው? ይህቺ ጥርሷ ደቃቅ ነው፤ ማን ጋ ትገባለች? እትዬ አንድ በአንድ በሁለት ጣታቸው እያነሱ «ይቺስ የማን ልጅ ናት?» ይሉኛል። እየሳቅን ቤቷን እንፈልግላታለን። ቤንዚኑ በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚነድ፣ ጭሱ በየት እንደሚወጣ ያን ቀን ገባኝ፤ እስከዚያ ሳይ የኖርኩት የአባቴን እጅ እንጂ ሞተሯን አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳህኑ ባዶ ሆነ። አንዲትም አልተረፈችም። ከደስታዬ ብዛት ያንን ጥቁር እጄን ይዤ እትዬን አቀፍኳቸው።

አባቴ ሲመጣ ሳህኑን፣ መሬቱን፣ የቀሚሴን ኪስ ሳይቀር ፈተሸ። ምንም ሲያጣ ሣጥኑ ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ ደግፈነው ወጥቶ ተቀመጠ። «እኔም ክብደት ልሁን» ብለው እትዬም ተከተሉት።

ሞተሯ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። ድልድዩ ጋ ወርደን ዞርንና ዳገቱን ጀመርኩት። መሃል ላይ ስትንቀጠቀጥ ማርሽ ቀነስኩ። አባቴ ከኋላዬ «ጋዝ! ጋዝ አትንፈጊያት!» ይላል። እትዬ «ያ አላህ! ጊዮርጊስ፣ ደጅህ ደርሰናል!» ይላሉ። ፒያሳ ቡና ቤት በረንዳ ላይ የቆመ አንድ አራዳ አየንና፣ «ሽማግሌም በኮታ መታደል ጀመረ እንዴ?» ብሎ መንገዱን በሳቅ ሞላው። ምኒልክ አደባባይን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። አንዱ ይበቃ ነበር፤ ቤንዚኑም በኩፖን ነው። ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እሁድ የእትዬ ምስር ወጥ እንደ ልማዱ መጣ። አባቴ ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያኝክ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጉንጩን ያዘ። ከአፉ አንዲት ሮንዴላ አወጣ፤ ብሎን ሥር የምትገባዋን ትንሽ ቀለበት፣ ዝጋ ቀለሟ ምስር የመሰለ። ሰፌዱ ስፌት ውስጥ ተሸጉጣ ቀርታ ኖሯል።

አባቴ ሮንዴላዋን ወደ ብርሃኑ አዙሮ አያት። ከዚያ እኔን አየኝ። አንዲት ፍሬ ከተረፈች ያለውን ሁለታችንም አስታውሰናል።

በሩ ተንኳኳ፤ የመርካቶው ሰው ነበር።

«ስለ ሞተሯ ነው የመጣሁት። ባለቤቷ እርስዎ ነዎት?»

አባቴ ሮንዴላዋን በመሃረቡ ጠረግ አድርጎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታት። ከምስሩ ጠቅልሎ ትልቅ ጉርሻ አነሳና አፌ ውስጥ አስገባ።

«ባለቤቷ ይቻትና» አለው። «እስክትውጥ ይታገሷት።»