የአባቴ የጾም ፑዲንግ

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ፎገራ ሜዳ ላይ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በስተርጅና ድንገት ግማሽ አካላቸው ሲዝል ወረታ እኔ ቤት አመጣናቸው። ከሁሉ የከፋው መዋጥ መቸገራቸው ነበር። ውሃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል፤ እንጀራው ጉሮሯቸው ላይ ይቀራል። ሐኪሙ «ለስላሳና ወፈር ያለ ነገር ስጧቸው» አለን።

ዐቢይ ጾም ስለነበር ወተትና እንቁላል የሚታሰብ አልነበረም። እኔ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ጣፋጭ ስሠራ ኖሬ ወረታ ላይ ምግብ ቤት የከፈትሁ ነኝና ፑዲንግ የሚባለውን በማንኪያ የሚበላ ለስላሳ ጣፋጭ ልሠራላቸው ተነሣሁ።

መጀመሪያ የአገራችንን ሩዝ አስፈጭቼ ከኦቾሎኒ ወተት ጋር አበሰልሁት። ለብ ሲል በማንኪያ ባጎርሳቸው ያለ ችግር ወረደላቸው።

«ይኸስ ጥሩ ነው፣ ልጀ» አሉኝ።

ያደረው ግን ጠዋት ጠጥሮ፣ ዳር ዳሩን ውሃ አቅርሮ ይገኛል። ከምግብ ቤቴ ሥራ ጋር በየቀኑ አዲስ መሥራት ሰለቸኝ። እውነቱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከሆቴል ይዤው የመጣሁትን አጋር አጋር አወጣሁ። ከባሕር ሣር የሚሠራ ዱቄት ነው፤ አፍልተው ሲያቀዘቅዙት ይረጋል። በሩዙ ፈንታ የኦቾሎኒ ወተቱን በእሱ አርግቼ የሁለት ቀን ፍሪጅ አስገባሁ። ሳህን ላይ ስገለብጠው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ደስም አለኝ። አፍ ውስጥ ግን አይሟሟም፣ ይሰባበራል።

አባቴ ሁለተኛውን ማንኪያ እንደጎረሱ ሳል ያዛቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ፊት ጎንበስ አድርጌያቸው ጀርባቸውን መታ መታ አደረግሁ። ትንፋሻቸው ሲመለስ ቀና ብለው አዩኝ።

«የፊተኛውን ለምን ተውሽው?»

«እሱ ሲያድር ውሃ ይለቃል፣ አባየ።»

«ለእኔ እኮ ወርዶልኝ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ማንኪያ ሳነሳ አፋቸውን ይገጥሙ ጀመር። የሩዙን መልሼ ብሠራም አንዴ ቀመስ አድርገው ፊታቸውን ያዞራሉ። ሳምንታት ቆይተው፣ ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ። ሐኪሙ «በዚያ ምክንያት አይደለም» ብሎኛል፤ አምነዋለሁ። የሚቆጨኝ አባቴ እጄን መፍራታቸው ነው።

በዓመቱ አንዲት ጎረቤቴ ተልባ ዘፍዝፌ፣ የሚዝለገለገውን ውሃ አጥልዬ ከሩዙ ጋር እንድቀላቅለው ነገረችኝ። ሞከርሁት። አድሮም ለስላሳ ነበር፤ ውሃም ብዙ አልለቀቀም። ቆሜ አንድ ማንኪያ ቀመስሁና የቀረውን ለእሷ ሰጠኋት። ተልባ ከጓዳዬ ጠፍቶ አያውቅም። ያኔ ሰው ብጠይቅ ምን ነበረበት?