ነጠላዬን ከአፌ ያወረድኩበት ቀን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ናይሮቢ፣ ልጄ ቤት በሰነበትኩበት ጊዜ ነው። እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ዛሬ አንዷ ልጄ ጋ፣ ነገ ሌላዋ ጋ ነኝ። ከዞርኩበት አገር ሁሉ ብዙውን ረስቼዋለሁ። ይህን ግን አልረሳሁም፤ እምቢ ማለት እንደምችል ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በእኛ ቤት ጥርስ ለሁሉም አይበቅልም። እናቴ የላይ የፊት ጥርሶች አልነበሯትም፤ ወልቀውባት ሳይሆን ከልጅነቷ ጀምሮ አልበቀሉላትም። እኔም እንደዚያው ነኝ። የበቀሉትም ቀጫጭንና ሹል ናቸው። ልጄን ዘለላትና የልጅ ልጄን ሕሊናን ያዛት። እናቴ ስትስቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስብ ነበር፤ እኔም ከእሷ ወረስኩ። ሕሊና ነጠላ ስለማትለብስ በእጇ ትሸፍናለች።

ሕሊና ልትታጭ ነበር። የእጮኛዋ የዳዊት አክስት ወይዘሮ አልማዝ እዚያው ናይሮቢ ምግብ ቤት አላት፤ በእናቱ ቦታ ሆና ነገሩን የያዘችው እሷ ናት። ደግ ሴት ናት፤ በዘር ነገር ግን አትቀልድም።

«ሽማግሌ ከመላካችን በፊት ጥርሷ ይሠራ» አለች። «የጠየቀ ካለ ልጅ ሆና ከብስክሌት ወድቃ ነው እንላለን።»

ሕሊና እሺ አለች። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ፓርክላንድስ የሚባል ሰፈር ወደሚገኝ የጥርስ ሐኪም ቤት ሦስታችን ሄድን። ሐኪሟ ሕሊናን ወንበሩ ላይ አስተኝታ ካየቻት በኋላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ወይዘሮ አልማዝ ፈጥና መለሰች። ከተባለው ሁሉ የገባኝ «ባይስክል» የምትለዋ ብቻ ናት። ሐኪሟ ግን አልተዋጠላትም መሰለኝ፣ ደግማ ጠየቀች።

«ምን ትላለች?» አልኳት ሕሊናን።

«በአደጋ የወለቀና ከመጀመሪያው ያልበቀለ ሥራው አንድ አይደለም አለች። ካልበቀለ አጥንቱ ስስ ነው፤ የሚተከለው ብረት ላይይዝ ይችላል። ቤተሰብ ውስጥ አለ ወይ ነው የምትለው፣ እማማ።»

«አንቺስ ምን አልሻት?»

ሕሊና ወይዘሮ አልማዝን አየችና አፏን ሸፈነች።

ወሬ ተፈርቶ የልጅ ልጄ መንጋጋ በውሸት ሊበሳ? ተነሣሁ። ነጠላዬን ከአፌ አውርጄ ትከሻዬ ላይ ጣልኩና ሐኪሟ ፊት አፌን ከፈትኩ። በጣቴ መጀመሪያ የእኔን፣ ቀጥሎ የሕሊናን አሳየኋት። አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

«እማማ፣ ምነው ጉድ አደረጉን?» አለች ወይዘሮ አልማዝ።

«ጥርሱ አልበቀለም እንጂ ሰርቀን አልተያዝን» አልኳት። «ዳዊት የሚያገባት የእኔን ልጅ ነው። ካልፈለገ ዛሬውኑ ይወቀው።»

ሐኪሟ ጓንቷን ቀይራ የእኔንም አፍ ደህና አድርጋ አየች። ሕሊና ወደፊት ስትወልድ ልጆቿን በጊዜ እንድታስመረምር ነገረቻት። ለእኔም ቢሆን የሚሠራ ነገር እንዳለ ተናገረች።

«በዚህ ዕድሜዎ ደግሞ ጥርስ ለምንዎ ነው?» አለች ወይዘሮ አልማዝ።

«ቆሎ አምሮኛል» አልኳት።

ሕሊና እንደተጋደመች በሳቅ ፈረሰች። እጇ ወደ አፏ አልሄደም።

ያን ዕለት ማታ ለዳዊት ደውላ ሁሉንም ራሷ ነገረችው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማ ነበር። «አያትሽ ቆሎውን መቼ ነው የሚበሉት? እኔ አመጣለሁ» አላት።

ሽማግሌዎቹ መጡ። የሕሊና ጥርስ ያኔ ገና ነበር፤ መጀመሪያ አጥንቱ መጠናከር ነበረበትና። የእኔም ተራ እስካሁን አልደረሰም። ሽማግሌዎቹ በመጡበት ቀን የተነሣነውን ፎቶ ወይዘሮ አልማዝ አልወደደችውም። እኔ ግን በሄድኩበት ሁሉ ይዤው እዞራለሁ፤ ላገኘሁት ሰው አሳየዋለሁ። እኔና ሕሊና እየሳቅን ነው፤ እጇ ጭኗ ላይ፣ ነጠላዬም ትከሻዬ ላይ ነው።