ዜሮ የተጻፈባቸው አርባ አንድ የይፋግ ሰዎች

ብሥራት ቃለ ሕይወት ደክሟታል። ስትቀመጥም ደክሟታል፣ ስትነሣም ደክሟታል፣ ዓመት በዓልም ሲሆን ደክሟታል። ባሕር ዳር ፋሲሎ ያለው የግብርና ቢሮ ሹፌር ስለሆንሁ ጧት ጧት ከቤቷ እወስዳታለሁ። "እንዴት አደርሽ?" ስላት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልተኛሁም" ትለኛለች፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

ሥራዋ ምን መሰላችሁ? ቢሮው ኮምፒውተር ውስጥ ሐኪም የሚሉት አንድ ፕሮግራም አለ። ሰው አይመረምርም፤ መረጃ ነው የሚመረምር። ከየወረዳው የሚመጣውን የገበሬ ዝርዝር ያይና "ይኼ ጤነኛ፣ ይኼ ታማሚ" ይላል። ስሙ የጎደለ፣ ሁለቴ የተጻፈ፣ ቁጥሩ ያላማረው፣ ሁሉም ታማሚ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ኤጀንት የሚሉት ሰው ሠራሽ ሠራተኛ አለ፤ ምርመራውን አንብቦ ዝርዝሩን የሚያጠራ እሱ ነው። ምሳ አይበላም፣ ሰርቪስም አይሳፈርም፤ ከእኔ ጋር ተስማምተናል። የብሥራት ድርሻ ኤጀንቱ በሐኪሙ እንዴት እንደሚጠቀም መመሪያ መጻፍ ነው።

ጻፈች። ስድሳ ገጽ።

ችግሩ አስተዳደጓ ነው። አባቷ ዘጌ ያሉ መሪጌታ ናቸው። በእነሱ ቤት ማንም ማንንም አያዝዝም። ውሃ የጠማው ሰው "ውሃ ስጡኝ" አይልም፤ "ማድጋው ጎድሎ ይሆን እንዴ?" ነው የሚል። የገባው ይቀዳል። እና ብሥራትም ለኤጀንቱ እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦ "ከማሳቸው የተረፈው ሩዝ ላይ ዜሮ የተሞላባቸው ሰዎች ቢያጋጥሙዎ፣ ጎርፍ ወስዶባቸው ሊሆን ስለሚችል፣ ባይሰርዟቸው ደስ ይለናል።"

ጥቅምት በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ ገድሉ ከይፋግ ደወለ። ገድሉ የግብርና ባለሙያ ነው። ነሐሴ ላይ ጎርፍ ሩዙን ሲበላው ጭቃ እየረገጠ ቤት ለቤት የመዘገበ እሱ ነው። "መሬቱ ሳይደርቅ የሽምብራ ዘር ይደርሳችኋል" ብሎ ቃል የገባም እሱ።

"እኅት ብሥራት፣ የዘር ዝርዝሩን አየሁት። ሩዝ የተረፋቸው ሁሉ አሉበት። ምንም ያልተረፋቸው አርባ አንዱ የሉም።"

"እንዴት አይኖሩም?"

"እኔ ምን አውቄ! ደጄ ላይ ቆመዋል እኮ። 'ጎርፉስ ጎርፍ ነው፣ አንተን ምን ነካህ?' እያሉኝ ነው።"

ኤጀንቱን ጠየቀችው። ሳያፍር መለሰ፦ "ዜሮዎቹን ሐኪሙ ታማሚ አላቸው። መመሪያው ባይሰረዙ ደስ እንደሚላችሁ ይነግረኛል፤ 'አትሰርዝ' ግን አይልም። ሥራው እንዲፈጥን ሰርዣቸዋለሁ።"

ኃላፊው ደሞዝ ከጀርባዋ ቆሞ አነበበ። "አንቺ ልጅ፣ ማሽን እኮ ነው! አንቱ ያልሽው አማችሽ መሰለሽ?"

"ማዘዝ ይከብደኛል፣ ጋሽ ደሞዝ።"

"እኔን ማዘዝ መቼ ከበደሽ? ትናንት ወረቀት አምጣ አላልሽኝም?"

"ወረቀት አልቆ ይሆን እንዴ ነው ያልሁ።"

"ያው አመጣሁ አይደል!"

ዝርዝሩ ዓርብ ወደ ዘር መጋዘኑ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ስም አይጨመርም።

ረቡዕን ማዘዝ ስትለማመድ ዋለች። "አትሰርዝ" ብላ ትጽፋለች፣ ታየዋለች፣ ትሳቀቃለች፣ "እባክዎ" ትጨምርበታለች። ሐሙስ ጧት መኪና ውስጥ "ጋሼ፣ ሰው ማዘዝ እንዴት ነው የሚለመድ?" አለችኝ። የቢሮውን በር ፈታሽ ወለተ ሚካኤልን አዳምጫት አልኋት። ምክሬን ተቀብላ፣ ወንበርና ደብተር ይዛ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ወለተ ሚካኤል ደግሞ የምትናገረው ሲጻፍ ስታይ ባሰባት። "ቦርሳ ክፈት! አንቺ፣ ወዲያ ቁሚ! እሱን አትንካ! ካላወቅህ ጠይቅ!" አንድ የክልል እንግዳ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ገባ።

ስድሳው ገጽ ሁለት ሆነ። "ዜሮ ካየህ ቁም። ስሙን አትንካ። የሰረዝኸውን መልስ። ካላወቅህ ብሥራትን ጠይቅ።"

ኤጀንቱ ታዛዥ ነው፤ ጠየቀ። ከስድስት ወረዳ የመጣ ዜሮ ሁሉ፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ፣ አንድ ባንድ። "ይህ ሰው ዜሮ ነው። ልተወው?" "ተወው።" "ይህችስ?" "ተዋት።"

"ሁሉንም ባንዴ ተው አትይውም?" አለ ደሞዝ።

"ሁለቴ የተጻፉ አሉ። የሞቱም አሉ። ባንዴ ተው ብለው፣ ዘሩ ለእነሱ ሄዶ ሌላ ሰው ይጎዳል።"

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረሰች። ዓይኗ በርበሬ መስሏል። ዝርዝሩ ከእነ አርባ አንዱ ሄደ።

ቦርሳዋን እንዳነሣች ገድሉ ደወለ። "ሰዎቹ ተሰብስበዋል። እኔን ማመን ትተዋል፤ ስማቸውን ካንቺ አፍ ይስሙ። ድምፅሽ ለሁሉም ይሰማል።"

"አርባ አንዱንም?"

"ምን ይደረግ።"

ተመልሳ ተቀመጠች። ስም ትጠራለች፣ ከወዲያ "አለሁ" ይላል። ትጠራለች፣ "አለሁ"። አሥራ ሰባተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ አቋረጧት፦ "እስቲ የእኔን ድገሚው፣ ልጄ። ባለቤቴ አልሰማችም።"

ደገመችላቸው። ባለቤታቸው ተጠርተው እስኪመጡ ጠበቀችና እንደ ገና ደገመችላቸው።

እኔ ወደ ቤቷ ላደርሳት መኪናውን አስነሥቼ ነበር። አጠፋሁት። ገና ሃያ አራት ሰው ይቀር ነበር።