በሰው ጫማ ደረጃ የምትወጣ ሴት

የሱቁ ሠራተኞች «እሜቴ ደረጃ» ይሏታል። ስሙ ሲወጣላት አልከፋትም፤ እንዲያውም ቀድማ የሳቀችው እሷ ናት። ከምድር ቤቱ መጋዘን እስከ ላይኛው ፎቅ የሚወጣው የሲሚንቶ ደረጃ የሥራ ቦታዋ ነው። ጠዋት የአንዷን ደንበኛ አዲስ የተራራ ጫማ ታጠልቅና ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ከሰዓት የሌላዋን ታጠልቅና ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ደረቁ ቆዳ በእሷ ተረከዝና በእሷ ጣቶች ላይ እየታሸ ሲለዝብ ይወለወልና በሳጥን ሆኖ ለባለቤቱ ይሰጣል። በሱቁ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ጫማዎን አለማምደን እናስረክባለን» ይላል። በማን እግር እንደሚለማመድ አይልም።

እሷ ራሷ ተራራ ወጥታ አታውቅም። የተራራውን ነፋስ የሚወስዱት ሌሎች ናቸው፤ ውሃ የቋጠረው እግር የሷ ነው። ይህን «ቀላል ሥራ» የሚሉት አሉ። ቁጭ ብለው ነው የሚሉት።

ሥራውስ ቢሆን መቼ ረባ? ቆዳ የሚያውቀው የለበሰውን እግር ነው። በአንዷ እግር የታጠፈ ጫማ ሌላዋን ይቆርጣል። ባለፈው ወር የፀጉር ቤት ያላት አንዲት ደንበኛ ከጉዞ ስትመለስ ተረከዟ ተልጦ መጣችና «ይቺ ሴትዮ እግሯ ጠማማ ነው መሰለኝ፣ ጫማዬን አጣመመችብኝ» ብላ ጮኸች። እሜቴ ደረጃ በትሕትና፣ በራስዎ እግር ቤት ውስጥ ትንሽ ትንሽ ቢያደርጉት ይሻላል አለቻት። ሴትዮዋ ጊዜ እንደሌላት ነግራት ሌላ አዲስ ጫማ አዘዘች፤ እሱም ተለማምዶ እንዲቆያት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል የሰማች አትመስልም።

ባለሱቁ የእሜቴ ደረጃ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። ባሏ ሲሞት ከሱቁ በላይ ያለችውን ክፍል ለእሷና ለልጇ የሰጣቸው እሱ ነው፤ «ለጊዜው» ብሎ። መጀመሪያ ጫማ እንድታለማምድ የለመናትም ለአንዲት ደንበኛ፣ ለአንድ ሳምንት ብሎ ነበር። ለጊዜው የሚባል ነገር ሲገባ በጣቱ ጫፍ ነው፤ ከገባ በኋላ አልጋ ዘርግቶ ይተኛል። ሰፈርተኛው ሁሉ ሰውየውን ደግ ይለዋል። ቤት ሰጥቶ መውጫ ለሚነሳ ሰው ቋንቋችን ስም አላጣለትም። የጠፋው ደፍሮ የሚጠራው ነው።

ልጅቷ ታዲያ አደገች። ለተራራ መንገድ መሪነት ሥልጠና አመለከተችና ተቀበሏት። ሰኞ ትሄዳለች። እናትየው ይህን የሰማች ቀን አላለቀሰችም፤ ልጅቷን እጇን ይዛ ወደ ሱቁ አወረደቻት።

እግር ሲውል ያብጣልና ጫማ የሚለካው ከሰዓት ነው። ወፍራሙን ካልሲ አስደረገቻት። ማሰሪያው ሳይታሰር እግሯን ወደ ፊት እንድትገፋ አደረገችና ከተረከዟ ኋላ ጣቷን ሰደደች፤ ጣት ካልገባ ጠቧል። ከዚያ ደረጃውን አስወረደቻት፣ ጣቶቿ ጫፉን ነክተው እንደሆነ ጠየቀቻት። አስወጣቻት፣ ተረከዟ ከውስጥ ይነሳ እንደሆነ ጎንበስ ብላ አየች። ልጅቷ ቀዩን ወደደችው። «ቀለሙ አይሸከምሽም» አለችና ከመደርደሪያው ጥግ አንድ ግራጫ፣ አስቀያሚ፣ ሶሉ የተሰፋ እንጂ የተለጠፈ ያልሆነ ጫማ አወጣች። የእናትና የልጅ እግር ቁጥሩ አንድ ነው። ጫማው ወደ ቤት ከገባ ወዲህ ግን እናትየው አንድ ቀን እንኳ እግሯን አልከተተችበትም። ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ እየተንጎራደደች በራሷ እግር አለማመደችው።

መከራው የመጣው ያን ሳምንት ነው። ከእናትየው ተረከዝ በላይ ያለው ጅማት አበጠ። ሁለት ደረጃ ስትወጣ እንደ ሚስማር ይወጋታል፣ ስትወርድ ይብሳል። የፀጉር ቤቷ ባለቤት አዲስ ጫማ ደግሞ ገና እንደ እንጨት ደርቆ ተቀምጧል።

ባለሱቁ ወደ ክፍላቸው ወጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ያበጠውን እግር አይቶ ከንፈሩን መጠጠ።

«እህት ዓለም፣ አሳርፊው። እኔ ጨካኝ አይደለሁም» አለ። ቀጥሎም የልጅቷ እግር ቁጥሩ ያው ስለሆነ እናቷ እስክትድን ድረስ ብቻ እሷ ብትሠራ ምን ችግር አለው ብሎ ጠየቀ። ሥልጠናው ሲነሳ ሳቀ። «ተራራው የትም አይሄድ።»

እናትየው እግር ከወርች የታሰረች መሰላት። ለራሷ ሲሆን ሁልጊዜ እሺ የሚለው አፏ ግን ለዚህ አልታዘዝ አለ።

«እግሯ የራሷ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

አልተቆጣም። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻል ነበር። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ጥግ ላይ ያለውን እርጥበት እያሳየ፣ ይቺ ክፍል እድሳት እንደምትፈልግ፣ መጋዘኑም እንደጠበበው፣ የጫማ ሳጥኖቹን የት እንደሚያደርግ ሲያስብ እንደሚያድር አወራ። «እናንተ እያላችሁ ግን እንዴት ተደርጎ» አለ በመጨረሻ፣ አንጀት በሚበላ ድምፅ።

ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «እማ፣ እቀራለሁ። አንድ ወር ምን አላት?»

«ዝም በይ» አለች እናቷ። «ለኔም አንድ ሳምንት ነበር ያሉኝ።» ወደ ሰውየው ዞረች። «ጫማውን ይላኩልኝ። እኔው አለማምደዋለሁ።»

«በዚህ እግርሽ?»

«በዚህ እግሬ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለና ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳ። አየህ አንባቢ፣ ማንም አላስገደዳት። ነገ ጠያቂ ቢመጣ ራሷ ናት ያለችው፤ ሰውየውማ ከንፈር የመጠጠላት ነው። ብልጥ ሰው ቋጠሮውን የሚያስጨርሰው በታሳሪው እጅ ነው።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ ሻንጣዋን ስታነሳ እናትየው የፀጉር ቤቷን ሴትዮ ጫማ ቀድማ አጥልቃው ነበር። ከቁርጭምጭሚት በላይ ድረስ የሚሸፍን መሆኑ በጀ፤ እብጠቱ አይታይም። የደረጃውን ብረት ይዛ፣ ሳታነክስ፣ እያወራች አወረደቻት።

«ከረጠበ እሳት ዳር እንዳታስጠጊው፤ ቆዳው ይሰነጠቃል። የውስጡን ንጣፍ አውጪና ጋዜጣ ጎስጉሺበት፣ ጋዜጣው ሲርስ ቀይሪው። ጭቃውን ሳይደርቅብሽ ቦርሺ። የጫማ ሰሙን ቆዳው ሲደርቅ ነው የምትቀቢው፣ ስስ አድርገሽ። ሽቅብ ስትወጪ ላላ፣ ቁልቁል ስትወርጂ ጠበቅ አድርገሽ እሰሪ፤ አለበለዚያ ጣትሽን ይጨርሰዋል። ደግሞ በፌስታል ቋጥረሽ እንዳታስቀምጪው። ያልተደረገ ጫማም ይበሰብሳል።»

«እማ፣ ዛሬም ስለ ጫማ ብቻ?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ?»

ልጅቷ ብረቱን የጨበጠውን የእናቷን እጅ አየች። ጣቶቿ ደም ሸሽቷቸው ነጥተዋል። አፏን ከፈተች፤ እናቷ ግን ማሰሪያዋ የላላ ይመስል ጎንበስ ብላ የልጇን ጫማ አጥብቃ አሰረችላትና ወደ በሩ ገፋ አደረገቻት።

ልጅቷ አውቃለች። አውቃም ሄደች፣ ደግ አደረገች። ብትቀር ኖሮ እዚያ ደረጃ ላይ ሁለት እስረኞች ይኖሩ ነበር እንጂ አንዲት የዳነች እናት አትገኝም ነበር። ይህን ጭካኔ ነው የሚል ካለ መጥቶ ጫማውን ያጥልቅ።

በሩ ሲዘጋ እናትየው መውጣት ጀመረች። የመጀመሪያውን ፎቅ ጥርሷን ነክሳ ጨረሰችው። በሁለቱ ፎቆች መሐል ካለው ማረፊያ ስትደርስ ጅማቱ ያዛት። ወደ ላይ ልታነሳው ስትል እንቢ አላት፣ ወደ ታች ልታወርደው ስትል እንቢ አላት። ግድግዳውን በሁለት እጇ ተደግፋ ቆመች። ከላይ ልጇ የተነሳችበት አልጋ ሳይነጠፍ አለ፤ ከታች የሳጥን መከፈትና የደንበኞች ሳቅ ይሰማል።

«እህት ዓለም!» አለ ባለሱቁ ከምድር ቤቱ። «ምነው ድምፅሽ ጠፋ? ለዘበ?»

ቁልቁል ጫማውን አየችው። ቆዳው አንድም እጥፋት የለውም፣ ያብረቀርቃል።

«ገና ነው» አለች፤ እግሯንም አነሳች።