እኔ ነኝ ያጠፋሁ

አጎቴ የምማረውን ትምህርት ስም አሳጥረው ነበር የሚጠሩት። ዲግሪው ክሪሚናል ጀስቲስ ይባላል፣ በአማርኛ የወንጀል ፍትህ ማለት ነው እያልኩ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ። ሰው ሲጠይቃቸው ግን «ፍትህ ትማራለች» ብለው ያልፉታል። ወንጀል የሚባል ቃል ከስሜ ጋር እንዲነሳ አይወዱም ነበር። አባቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ትዳር ይበቃታል ሲል ሦስት ቀን ሙሉ ተከራክረው መካነ ሰላም ካለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ እንድገባ ያስፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። በገበያ ቀን በሶ በፌስታል ቋጥረው ከግቢው በር ላይ ይጠብቁኛል። ጥበቃዎቹ ስለለመዷቸው እኔን ሲያዩ «የፍትህ አጎት መጥተዋል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ይህን ያስቀደምኩት ማንን እንደበደልኩ እንዲታወቅልኝ ነው።

ክፍል ውስጥ ጎበዝ ነበርኩ፤ ልደብቀው አልፈልግም። ምርመራ ያስተማረን መምህር ስለ ቃል አቀባበል ሲያስረዳ፣ ሰው በአንደበቱ ያለውን አንዲት ፊደል ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ጻፉ ይለን ነበር። ነገሩ ደስ አለኝ። ቤት ስሄድ እንኳን ማን ምን እንዳለ በልቤ መመዝገብ ጀመርኩ። እናቴ ስታወራኝ ትክ ብዬ የማያት ነገር እንዳላማራት ነግራኛለች፤ ሳቅኩባት።

አራተኛ ዓመት ላይ የመመረቂያ ጽሑፌን በባህላዊ እርቅና በወንጀል ምርመራ ላይ ልሠራ ርእስ አስጸደቅኩ። በዚያው ሰሞን፣ ጥቅምት ላይ፣ የጎረቤታችን በሬዎች የአጎቴ ስንዴ ውስጥ ገቡ። ከአጎቴ ቤት ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸውና አማቻቸው፣ ከዚያ ወገን ጎረቤታችንና ወንድማቸው በዱላ ተደባደቡ። አጎቴ ሊገላግሉ መሀል ገቡ። በእጃቸው ዱላ ነበር፤ በእኛ አገር መቼም በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ያለ ዱላ ከቤት አይወጣም። ግርግሩ ሲበርድ የጎረቤታችን ቀኝ ክንድ ተሰብሮ ተገኘ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። አንዱ ቤት ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም ስለሆነ ቄሱም ሸኹም ነበሩ። ለጽሑፌ ይጠቅመኛል ብዬ ልገባ ስጠይቅ ሽማግሌዎቹ አመነቱ። «ለትምህርቷ ነው፣ ትጻፍ» ብለው የለመኑልኝ አጎቴ ናቸው። ሸኹ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ነገሩ ገና ሳይከፈት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ አጎቴ ተነሥተው ጎንበስ አሉና «እኔ ነኝ ያጠፋሁ፤ አውፍ በሉኝ» አሉ፤ ይቅር በሉኝ ማለታቸው ነው። ጻፍኩ። ጎረቤታችንም ክንዳቸው በሻሽ ታስሮ ከአንገታቸው እንደተንጠለጠለ ተነሡና «የለም፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ፤ አውፍ በሉኝ» አሉ። እሱንም ጻፍኩ። ክርክሩ የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ እርቅ ወረደ፤ ሁለቱ ሰዎች ተሳሳሙ።

ክንዱ ግን ሳይገጥም ቀረ። ከሐኪም ወረቀት ተጽፎ ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ደረሰ። ከባድ የአካል ጉዳት በእርቅ ብቻ እንደማይዘጋ እኔው ራሴ ፈተና ላይ መልሼ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። መርማሪው ከእኛው ትምህርት ክፍል የተመረቀ ልጅ ነው። ግቢ ድረስ መጥቶ ምስክር እንዳጣ ነገረኝ። ጎረቤታችን ታርቀናል፣ የመታኝን አላየሁም ብለዋል፤ ሌላውም ሰው አላየሁም ባይ ነው። እርቅ ስላለ አጎትሽ ቢፈረድባቸውም በገደብ ይወጣሉ አለኝ። ቀጥሎ «አንቺ እኮ ባለሙያ ነሽ» አለኝ። እዚያች ቃል ላይ ተሸነፍኩ።

ማስታወሻዬን በንጹህ ወረቀት ገልብጬ ሰጠሁት። ስገለብጥ የአጎቴን ቃል ጻፍኩና የጎረቤታችንን ተውኩት። ተንኮል አልነበረብኝም። ክንዱ የተሰበረ ሰው አጠፋሁ ማለቱ ለጉዳዩ የማይጠቅም፣ እንዲያው የአፍ ልማድ ሆኖ ታየኝ። የአጎቴን ግን ወንጀልን ማመን፣ የእምነት ቃል አልኩት፤ ትምህርቱ እንዲያ ነው የሚለው። የቤቱ ታላቅ የቤቱን ጥፋት ሁሉ በራሱ አድርጎ እንደሚነሣ፣ ሁለቱም ወገን ይህን ሳይሉ ሽማግሌ ነገር እንደማይጀምር ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ነው ያደግኩት። ሃንድአውቱ ላይ ስላልነበረ እንደ እውቀት አልቆጠርኩትም።

ፍርድ ቤት ቆሜ ዐቃቤ ሕጉ አጎትሽ «እኔ ነኝ ያጠፋሁ» ብለዋል ወይስ አላሉም ሲለኝ ብለዋል አልኩ። ዳኛዋ አጎቴን መስቀለኛ ጥያቄ እንዳላቸው ጠየቀቻቸው። አጎቴ ተነሡ።

«ልጄ ናት፤ አትዋሽም» አሉና ተቀመጡ።

ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው፤ ገደብ የሚባል ነገር አልመጣም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አማካሪዬ የጽሑፌን ረቂቅ መለሰልኝ። ማስታወሻዬን እንዳለ ያያያዝኩበት ገጽ ላይ የጎረቤታችንን ቃል በቀይ አስምሮበት፣ ጠርዙ ላይ «ተጎጂው ለምን አጠፋሁ አሉ? አብራሪ» ብሎ ጽፏል። ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ላብራራ እስክሪብቶ አነሣሁ። መልሱ ሳልጨነቅ መጣልኝ። ሁለት መስመር እንደጻፍኩ የምጽፈው የአጎቴን መከላከያ እንደሆነ ገባኝ። ወረቀቱን ገልብጬ ደረቴ ላይ ያዝኩትና እዚያው ሰው መሀል አለቀስኩ።

በማግስቱ አጎቴ ቤት፣ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና ብላ ሳታየኝ ነገረችኝ። ክንዱን የሰበረው አማቻቸው ነው። አጎቴ አይተውታል፤ ልጃቸው ነፍሰ ጡር ስለነበረች ማንም እንዳይናገር ቤተሰቡን አስምለዋል። ይግባኝ እንበል አልኳት። ይግባኝ ከተባለ ማን መታ መባሉ አይቀርም፣ እሳቸው ደግሞ ሞተው ነው የልጃቸውን ባል አሳልፈው የሚሰጡት አለችኝ። ስወጣ ደህና ሁኚ አላለችኝም።

ያንን ገጽ አብራርቼ ጨረስኩት። ጽሑፌ ኤ አገኘ፤ አማካሪዬም ከሁሉ ጥሩው ምዕራፍ እሱ ነው አለኝ። የምረቃ ዕለት ጋዋን ለብሼ ፎቶ ስነሣ ከቤተሰብ የቆመችው እናቴ ብቻ ነበረች።

ማረሚያ ቤት ልጠይቃቸው የሄድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት አቅም አልነበረኝም፤ ፍርሃት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በሶ በፌስታል ቋጥሬ ያዝኩ። አጎቴ በእንጨቱ አጥር ማዶ ቆመው የትምህርቴን ነገር፣ ሥራ ማግኘት አለማግኘቴን ጠየቁኝ። ከስተዋል። ስለ ፍርዱ አንዲት ቃል አላነሡም። እንዴት እንደምጀምር መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነው የመጣሁት፤ አገራችን ከሚያውቀው ሌላ ቃል አላገኘሁም።

ጎንበስ ብዬ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁ፤ አውፍ በሉኝ» አልኳቸው።

አጎቴ መጀመሪያ ዘወር ብለው አጠገባችን የቆመውን ዘብ አዩ። ከዚያ ወደ አጥሩ ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ቀነሱ።

«ቀስ በይ ልጄ» አሉኝ። «እንዲህ አይባልም፤ ይጽፉብሻል።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። እየቀለዱ አልነበረም።